መሬት ጠማቂ አይደለም

ከቀዝቃዛ አገር፣ ከአንድ የወይን ቦታ ብቻ ተለቅሞ ስለሚጠመቅ ቀይ የወይን ጠጅ በተነሣ ቁጥር እንደ ሃይማኖት አንቀጽ የሚደገም አንድ አባባል አለ፤ እርሱም ታላቁን የወይን ጠጅ የሚሠራው መሬቱ ነው፣ የሰው ድርሻ እጁን ሰብስቦ መሬቱ የሚናገረውን ማድመጥ ብቻ ነው የሚለው ነው። ይህ አባባል በምሥራቅ ፈረንሳይ ባለችው በቡርጎኝ ሥር ሰድዶ፣ ከዚያም እስከ ኒው ዚላንዷ ሴንትራል ኦታጎና እስከ አሜሪካዋ ኦሪገን ድረስ ፒኖ ኗር የተባለው ቀይ የወይን ዝርያ በተተከለበት ሁሉ ተስፋፍቷል፤ ነጋዴው ይሸጥበታል፣ ጸሐፊው ያጌጥበታል፣ ጠማቂው ራሱ እንኳ በትሕትና ስም የገዛ ሥራውን ይክድበታል። አባባሉ ያማረ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ከዚህም አልፎ የሠራውን ሰው ስም ፍቆ የያዘውን ሰው ርስት ያከብራልና በዳይ ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ግን ቀላል አለመሆኑን አስቀድሞ መቀበል ይገባል። ደጋፊዎቹ «ቴሯር» የሚሉት ነገር፣ ማለትም አፈር፣ ተዳፋት፣ የፀሐይ አቅጣጫና የአየር ጠባይ በአንድ ቦታ ተጣምረው ለፍሬው የሚሰጡት መልክ፣ በቡርጎኝ ለዘመናት የተፈተነ ነው። ከዲዦን ከተማ ወደ ደቡብ በሚወርደው ጠባብ ሸንተረር ላይ ለታላላቆቹ ቀይ የወይን ጠጆች የሚተከለው ዝርያ ፒኖ ኗር ስለሆነ፣ ልዩነቱ ከዝርያው የመጣ ነው ማለት አይቻልም። አንድ ጠማቂ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ጓዳ፣ በአንድ ዓይነት በርሜል፣ በእግር መንገድ ብቻ ከሚለያዩ ሁለት ማሳዎች ሁለት የወይን ጠጅ ይጠምቃል፤ አንዱ ለስላሳና መዓዛው የረቀቀ፣ ሌላው ጠንካራና ለመብሰል ብዙ ዓመት የሚጠይቅ ይወጣል፤ ልዩነቱም በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል። ዶክተር ላቫል በ1855 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለማሳዎቹ ያወጣው ደረጃና በ1930ዎቹ ሕግ የሆነው ደረጃ በብዙ ቦታ ይገጥማሉ። ሰው አልፎ መሬቱ ከጸና፣ ከመሬቱም ጋር ደረጃው ከጸና፣ ልዩነቱ ከመሬቱ ካልሆነ ከየት ሊመጣ ይችላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይሻል።

ስሕተቱ ያለው በሚሰጠው መልስ ላይ ነው። የተለመደው መልስ ተክሉ በሥሩ የኖራ ድንጋዩን እየመጠጠ ጣዕሙን እስከ ብርጭቆው ያደርሰዋል የሚል ነው፤ ቀማሹም ድንጋዩን በምላሱ እንዳገኘው ይመሰክራል። ነገር ግን የወይን ሥር ድንጋይ አይበላም። ከአፈር የሚወስደው በውኃ የሟሙ ንጥረ ነገሮችን፣ ማለትም ፖታሲየምን፣ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምንና የመሳሰሉትን ነው፤ እነዚህም በየትኛውም ለም አፈር የሚገኙ ናቸው። የፍሬው ስኳር፣ አሲዱ፣ ቀለሙና የመዓዛው መነሻ የሚሠሩት በራሱ በተክሉ ውስጥ፣ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ከአየርና ከውኃ ከሚያዘጋጀው ምግብ ነው። በዌልስ በአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የሥነ ምድር ምሁር አሌክስ ማልትማን፣ አለት በአብዛኛው ሽታም ጣዕምም የሌለው መሆኑንና በብርጭቆው ውስጥ «የድንጋይ ጣዕም» የሚባለው ምሳሌያዊ አነጋገር እንጂ የአለቱ ቅሪት አለመሆኑን ለዓመታት ሲያስረዱ ኖረዋል። ከእርሳቸው ቀደም ብሎም የቦርዶው ተመራማሪ ዤራር ሴጋን ታላላቅ የሚባሉ የወይን ቦታዎችን አፈር መርምረው፣ ወሳኙ ነገር የአፈሩ የኬሚካል ይዘት ሳይሆን ለተክሉ ውኃ የሚያደርስበት ሁኔታ መሆኑን አሳይተዋል፤ መልካም አፈር ከዝናብ በኋላ ውኃውን ፈጥኖ ያሳልፋል፣ በድርቅ ጊዜ ደግሞ ከጥልቀቱ ጥቂት በጥቂት ይሰጣል። እንግዲህ በእግር መንገድ የተከፈሉት ሁለቱ ማሳዎች የሚለያዩት በውኃና በሙቀት ነው፤ ውኃና ሙቀት ደግሞ ሰው በቦይ፣ በካብ፣ በግረዛና በተከላ ርቀት ሲያስተካክላቸው የኖሩ ነገሮች ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ከክሎ ደ ቩዦ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ክሎ ደ ቩዦ ስፋቱ 50 ሄክታር ገደማ የሆነ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ የታጠረ የወይን ቦታ ሲሆን፣ ያቀኑት በ1098 የተመሠረተው የሲቶ ገዳም መነኮሳት ናቸው። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መሬቱን በስጦታም በግዢም ቁራጭ በቁራጭ እየሰበሰቡ አንድ አደረጉት፤ ካቡ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዞረው፤ የፈረንሳይ አብዮት ንብረቱን ከገዳሙ ነጥቆ እስኪሸጠው ድረስም በእጃቸው ኖረ። እስከ 1889 ድረስ በአንድ ባለቤት እጅ ሲያዝ ቆይቶ ከዚያ በኋላ ተከፋፈለ፤ ዛሬ 80 ያህል ባለይዞታዎች አሉት፤ ሁሉም «ግራን ክሩ» የተባለውን ከፍተኛውን ሕጋዊ ደረጃ በእኩል ይጠቀሙበታል። መሬቱ ግን አንድ አይደለም። ላይኛው ጫፍ፣ ሙዚኚ እና ግራን ዜሼዞ ከተባሉት ስመ ጥር ማሳዎች የሚዋሰነው፣ ስስና ጠጠር የበዛበት የኖራ አፈር ነው፤ መካከሉ ኖራና ሸክላ የተደባለቀበት ነው፤ ከአውራ መንገዱ ዳር ያለው ታችኛው ክፍል ደግሞ ጥልቅ፣ ከባድና ውኃ የሚቋጥር ሸክላ ነው። ከካቡ ውጭ በደቡብ በኩል፣ በዚያው በታችኛው ከፍታ ላይ ያለ መሬት የመንደር ስም ብቻ ተሰጥቶታል፤ ከካቡ ውስጥ ያለው ወንድሙ ግን ከንጉሥ ማዕድ ተቀምጧል። ይህን ክብር የሰጠው ማን ነው? አፈሩ ነው ወይስ ካቡ? ካቡን ደግሞ ያቆመው ማን ነው?

ይህን ስም የያዙ ጠርሙሶች በአንድ ገበታ ላይ ሲደረደሩ የሚታየው ልዩነት ለመሬት አምላኪዎች መልስ የሌለው ነው። አንዱ ጥልቅ፣ የተመዛዘነና ለሃያ ዓመት የሚቆይ ሲሆን፣ ጎረቤቱ ቀጭንና ባዶ ይሆናል፤ በታችኛው ክፍል ፍሬውን የሚቀንስና ለቀማውን የሚመርጥ ትጉህ ገበሬ፣ በላይኛው ክፍል ብዙ ምርት ለማግኘት የሚሻማውን ጎረቤቱን ሲበልጥ ታይቷል። ስለዚህም የቡርጎኝን ጠርሙስ የሚገዛ ልምድ ያለው ሰው ከማሳው ስም በፊት የጠማቂውን ስም ይጠይቃል። ንግዱ ራሱ በተግባር የሚያውቀውን እውነት በአንደበቱ የሚክደው ለምንድን ነው? መነኮሳቱ እንኳ ከላይኛው ክፍል ለሊቃነ ጳጳሳት፣ ከመካከለኛው ለጳጳሳት፣ ከታችኛው ለራሳቸው ይጠምቁ ነበር እየተባለ ይተረካል፤ ትረካው አፈ ታሪክ ቢሆንም፣ የሚናገረው መሬት ስለሚለይና ስለሚመርጥ ሰው እንጂ ስለሚያዝ መሬት አይደለም።

የሥራውን ልክ ለማየት ወደ ማሳው ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። በቡርጎኝ በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ገደማ የወይን ግንድ ይተከላል፤ ይህ ማለት በክሎ ደ ቩዦ ቅጥር ውስጥ ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ግንድ አለ ማለት ነው። በክረምቱ ብርድ እያንዳንዱ ግንድ ተራ በተራ ይገረዛል፤ ገራዡ ጎንበስ ብሎ ያለፈውን ዓመት ቅርንጫፍ አይቶ፣ ጥቂት እንቡጥ ያለበትን አንዱን ለዘንድሮ ፍሬ ይተወዋል፣ አንድ አጭር ጉጥ ለከርሞ ያስቀራል፣ የቀረውን ቆርጦ ከኋላው በሚጎትተው የብረት ጋሪ ላይ ያነደዋል፣ በዚያውም እጁን ያሞቃል። አንድ እንቡጥ ማብዛት ወይም ማሳነስ የመከሩን መጠንና የፍሬውን ጥንካሬ ይወስናል፤ የዛሬው ቁርጥ በግንዱ ላይ ለዓመታት ይነበባል። ዝናብ ከተዳፋቱ ያጠበውን አፈር ከግርጌው ሰብስቦ በጀርባ ተሸክሞ ወደ ላይ መመለስም በዚህ ሸንተረር ለዘመናት የኖረ ሥራ ነው። የተዳፋቱ አፈር በቦታው ያለው ሰው ስለመለሰው ከሆነ፣ «ሰው ያልነካው መሬት» የሚባለው የት ነው ያለው? በ2015 ዩኔስኮ «ክሊማ» የሚባሉትን፣ ማለትም ስምና ወሰን ያላቸውን 1,247 የቡርጎኝ ማሳዎች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገባቸው በባህላዊ ቅርስነት ነው፤ በተፈጥሮ ቅርስነት አይደለም። የዝርያው ምርጫ ራሱ በአዋጅ የጸና ነው፤ ብዙ የሚያፈራውን ጋሜ የተባለ ዝርያ ከዚህ ሸንተረር እንዲነቀል ያዘዙት የቡርጎኙ መስፍን ፊሊፕ ደፋሩ በ1395 ነበር።

መሬት በሰው እጅ እንዴት ታላቅ እንደሚሆን ክሮ ፓራንቱ የተባለው ማሳ ከማንኛውም የበለጠ ያስረዳል። ይህ በቮን ሮማኔ መንደር ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ አንድ ሄክታር ገደማ የሆነ ቀዝቃዛና ድንጋያማ ቦታ፣ ፊሎክሴራ የተባለው ሥር አጥፊ ተባይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይኖቹን ካጠፋ በኋላ ጠፍ ሆኖ ቀረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ድንች መሳይ ሥራ ሥር ይበቅልበት ነበር። መሬቱ በዚያ ሁሉ ዘመን ያው መሬት ነበር፤ ድንጋዩም፣ ተዳፋቱም፣ ፀሐዩም አልተለወጡም፤ አንዳች ነገር ሲናገር የሰማው ግን አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ኦንሪ ዣዬ የተባለው የመንደሩ ገበሬ አለቱን በድማሚት እየሰበረ፣ ለእያንዳንዱ ችግኝ ጉድጓድ እየከፈተ ተከለው። ፍሬውንም ለብዙ ዓመታት ከሌላ ማሳ ፍሬ ጋር ሲቀላቅል ቆይቶ፣ በ1978 መከር ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ስም ለብቻው አሸገው። ዛሬ ክሮ ፓራንቱ በሕግ ከሁለተኛው ደረጃ ያልወጣ ሲሆን፣ በገበያ ግን የመጀመሪያውን ደረጃ ከያዙት ከብዙዎቹ በላይ ይሸጣል። ዣዬ በ2006 አርፏል፤ ድማሚቱን ያፈነዳው እጅ ባይኖር ኖሮ ያ ማሳ ዛሬም ቁጥቋጦ ይሆን ነበር።

ደጋፊዎቹ በዚህ ጊዜ ሮማኔ ኮንቲን ይጠራሉ። ይህ ከሁለት ሄክታር ያነሰ ማሳ የፊሎክሴራን ወረርሽኝ ተቋቁሞ እስከ 1945 ድረስ አሮጌ ተክሎቹን ይዞ ቆየ፤ ከዚያ ግን ተነቀለ፣ በ1947 እንደገና ተተከለ፣ እስከ 1952ም ድረስ በስሙ የወይን ጠጅ አልወጣም። አዲስ ተክል ተተክሎ ያው ታላቅነት ከተመለሰ፣ ታላቅነቱ የመሬቱ መሆኑ ተረጋገጠ ይላሉ። ክርክሩ ግን ሙሉውን ታሪክ ሲያዩት ይገለበጣል። ማሳው እስከ 1945 የኖረው ሠራተኞች በየዓመቱ ተባዩን የሚገድል ኬሚካል ወደ አፈሩ እየከተቱ ስላቆዩት ነው፤ የሞተው ጦርነቱ ኬሚካሉንም የሰው ኃይሉንም ባሳጣበት ጊዜ ነው። የተተኩት ቅርንጫፎች ከጎረቤቱ ከላ ታሽ ማሳ ተመርጠው የመጡ ናቸው፤ ያረፉትም ተባዩን በሚቋቋም ከአሜሪካ ዝርያ በተገኘ ሥር ላይ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ሊሰመርበት ይገባል፤ ዛሬ በቡርጎኝ አፈር ውስጥ የተዘረጋው ሥር በአብዛኛው ከአሜሪካ ዝርያዎች የተዳቀለ ሥር ነው፣ ፒኖ ኗር የሚጀምረው ከአፈሩ በላይ፣ ሰው ባጣበቀው ቁርጥ ላይ ነው። «ጥንታዊው ተክል ከጥንታዊው መሬት ጋር ያለ አማላጅ ይነጋገራል» የሚለው ወግ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እውነት መሆኑን አቁሟል።

ሌላው መከራከሪያ ስለ ብርዱ ነው። በሞቃት አገር ፀሐይ ሁሉንም አብስሎ ልዩነትን ያጠፋል፣ በቀዝቃዛ አገር ግን ፍሬው በመብሰልና ባለመብሰል ድንበር ላይ ስለሚቆም የትንሹ ተዳፋት ልዩነት እንኳ ይገለጣል ይባላል። ይህ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ሆኖም በዚያ ድንበር ላይ ከቦታው ይልቅ የበለጠ የሚገለጠው የሰው ውሳኔ ነው። ፒኖ ኗር ቆዳው ስስ፣ ዘለላው የተጠጋጋ ነው፤ በሴፕቴምበር ዝናብ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ከዝናቡ በፊት የለቀመ ያልበሰለ ፍሬ ሊያገባ ይችላል፤ የጠበቀም የበሰበሰ ሊያገባ ይችላል፤ ካቡን ተሻግሮ ያለው ጎረቤት በሌላ ቀን ቢለቅም በዚያው ዓመት ሌላ የወይን ጠጅ ይጠምቃል። በኤፕሪል 2021 ውርጭ በወረደባቸው ሌሊቶች እንቡጡን ለማትረፍ በየረድፉ መካከል ሻማ ሲለኩሱ ያደሩት ሰዎች ናቸው። ብርዱ ራሱም ዘላለማዊ አይደለም። በቡርጎኟ በቦን ከተማ ከ1354 እስከ 2018 የተመዘገበው የለቀማ ቀን እንደሚያሳየው፣ ከ1988 ወዲህ ለቀማው ከቀድሞው በአማካይ 13 ቀን ቀድሟል። መሬቱ ካልተለወጠ፣ ሙቀቱ ግን ከተለወጠ፣ «የቦታው ድምፅ» የትኛው ነው? የ1850ዎቹ ነው ወይስ የዛሬው? ይህን ለውጥ ተከትሎ የግረዛውን ጊዜ የሚያዘገየው፣ ቅጠሉን ለጥላ የሚተወው፣ ለቀማውን ወደ ኦገስት የሚያመጣው ገበሬው ነው።

ከጓዳው ሲደረስ እጁን የሰበሰበ ሰው ፈጽሞ አይገኝም። ኦንሪ ዣዬ ፍሬውን ከአገዳው ሙሉ በሙሉ ያላቅቅ ነበር፤ በዚያው መንደር ሮማኔ ኮንቲን የሚያመርተው ድርጅት ደግሞ ዘለላውን ከነአገዳው ማፍላት ይወዳል፤ ሁለቱም ታላቅ ይጠምቃሉ፣ ሁለቱም የተለያየ ይጠምቃሉ። ፍሬው ሳይበስል ሲቀር በጥንስሱ ላይ ስኳር መጨመር፣ ከናፖሊዮን ሚኒስትሮች አንዱ በነበረው በኬሚስቱ ሻፕታል ስም የሚጠራው ዘዴ፣ በቡርጎኝ ሕግ የሚፈቅደው የቆየ ልማድ ነው። የበርሜሉ እንጨት፣ አዲስነቱ፣ በእሳት የተጠበሰበት መጠን፣ በውስጡ የሚቆይበት ወራት ሁሉ ውሳኔ ናቸው። በኢትዮጵያ አንድ ገብስና አንድ ጌሾ የተካፈሉ ሁለት ባለሙያ ሴቶች ጠላ ጠምቀው ቢያቀርቡ፣ የጠላውን ልዩነት ለገብሱ ማሳ የሚሰጥ ጠጪ አይኖርም፤ ሙያው የማን እንደሆነ ይታወቃልና።

ታዲያ ይህ እምነት ይህ ሁሉ ማስረጃ እየተቃወመው ለምን ይኖራል? ስለሚጠቅም ነው። ጥበብ ከባለቤቱ ጋር ይሞታል፣ በውርስ አይተላለፍም፣ በገንዘብም አይገዛም፤ መሬት ግን ይገዛል። ታላቅነቱ የመሬቱ ነው ከተባለ፣ መሬቱን የገዛ ታላቅነቱን ገዛ ማለት ነው። በ2014 የቅንጦት ዕቃዎች ኩባንያ የሆነው ኤልቪኤምኤች ክሎ ደ ላምብሬ የተባለውን የቡርጎኝ የወይን ቦታ፣ በ2017 ደግሞ ፒኖ የሚባል የባለሀብት ቤተሰብ ኩባንያ ክሎ ደ ታር የተባለውን መግዛታቸው የዚህ ስሌት ውጤት ነው፤ ገዢዎቹ መሬቱን መንከባከባቸው ሊያስመሰግናቸው ይችላል፣ ነገር ግን የመሬቱ ዋጋ በፍሬው ሽያጭ ሊመለስ ከሚችለው በላይ ሲወጣ፣ የሟች አባታቸውን ጥቂት ረድፍ የሚካፈሉ የገበሬ ልጆች የውርስ ግብሩን መክፈል አቅቷቸው ይሸጣሉ። በክረምት ጎንበስ ብሎ የሚገርዘው ቅጥረኛ ደግሞ በዚህ ተረት ውስጥ ስምም ቦታም የለውም፤ መሬቱ ብቻውን ይናገራልና። ሥራን ከታሪኩ የሚያወጣ ተረት፣ ሠራተኛውን ከዋጋው ማውጣቱ የማይቀር ነው።

ቦታ ምንም አይደለም ማለት አይደለም። የዶክተር ላቫል ደረጃ ጸንቶ የኖረበት ምክንያት አለው፤ በ47 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ወደ ምሥራቅ የዞረ፣ ውኃ የሚያሳልፍ መካከለኛ ተዳፋት ከረግረግ ሜዳ ይሻላል፤ የትኛውም ብልህ ጠማቂ ከሜዳው ሙዚኚን ሊያወጣ አይችልም። ቦታ የሚቻለውን ድንበር ያሰምራል። ከዚያም በላይ፣ የተሻለ ቦታ የተሻለ እጅ ይስባል፣ የተሻለ ዋጋ የበለጠ ጥንቃቄን ይከፍላል፣ ጥንቃቄውም ደረጃውን ያጸናዋል፤ ለመቶ ዓመታት የጸና ደረጃ ያልተቋረጠ ሥራ ታሪክ ጭምር ነው። በድንበሩ ውስጥ ግን ከሚቻለው ሁሉ ይህ እንዲሆን ያደረገው ሰው ነው፤ ድንበሩንም ራሱን አለት እየሰበረ፣ አፈር እየተሸከመ፣ ካብ እየካበ ያሰፋው ሰው ነው። ከአንድ የወይን ቦታ የተጠመቀ ቀይ የወይን ጠጅ የሚከበረው ሰዎች ለብዙ ትውልድ በአንድ ቦታ ላይ ሙያቸውን ስላላቋረጡ ነው፤ ይህም መሬት ከመሸለም የበለጠ ክብር ነው።

ስለዚህ ሕጉ የማሳውን ስም እንዳስከበረ ሁሉ፣ ፍሬው ከተዳፋቱ የትኛው ክፍል እንደተለቀመና ማሳውን ያለማው ማን እንደሆነ በዚያው ጠርሙስ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ማስገደድ ይገባዋል። የማይቻል ጥያቄ አይደለም፤ በክሎ ደ ቩዦ ውስጥ አን ግሮ ከራሷ ስም በታች «ለ ግራን ሞፐርቲዊ» የሚለውን የቁራጭ ማሳዋን ስም ትጽፋለች፤ ካቡ አልፈረሰም፣ ደረጃውም አልተነካም። ሰማንያዎቹም ይጻፉ።